ባለቤት የሌለው እጅ

አጎቴ ሳቢኖ ጳጳስ ሆኖ መሾሙ የተሰማ ዕለት አያቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። የካቴድራሉ ደወል ያለ ሰዓቱ ሲጮህ "ደግሞ ማን ሞተ?" አለችና አማተበች። ብዙም ሳይቆይ ፀጉር አስተካካዩ ጄርቫዚዮ፣ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ጥሎ፣ ምላጩን እንደያዘ እያለከለከ መጣ።

"እትዬ ኢንኮሮናታ! ሳቢኖ! ሳቢኖሽ ጳጳስ ሆነ! ለዚሁ ለኛው ከተማ!"

አያቴ ጭኗ ላይ ያለውን ሳህን ረስታ ብድግ አለች። ባቄላው በየደረጃው እየነጠረ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ አያቴን ሊስም ሲጋፋ እኔ ተንበርክኬ እለቅም ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ኖራ መስሏል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩና ለተደፋው ባቄላ ያዘነች መሰለኝ።

ሮካሳልቫ በጣሊያን ደቡብ፣ በወይራ ዛፍ የተከበበች፣ ጳጳስ ያላት መሆኗ ብቻ ከተማ ያሰኛት ቦታ ናት። ጦርነቱ ካበቃ ዐሥር ዓመት ግድም ሆኖታል። አባቴ ቤልጅግ የከሰል ማዕድን ውስጥ ስለሚሠራ፣ እኔና እናቴ ራኬሌ የምንኖረው ከአያቴ ጋር ነበር። አጎቴ ሳቢኖ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የቤተሰብ ስሙ ግን ከኛ ይለያል፤ ዲዮዳቶ ይባላል፣ "እግዜር የሰጠው" እንደማለት። ሰው ሲቀስስ ስሙንም የሚለውጥ ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ ደግሞ አንዳንዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከመንኮራኩር የመጣ ልጅ እኮ ነው" ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው መንኮራኩር የጋሪ ነው። አጎቴ ሲራመድ ትንሽ አነከስ ያደርገዋል። ሕፃን ሳለ ከጋሪ ወድቆ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩና ነገሩን ዘጋሁት።

ጳጳስ ሁሉ የራሱ አርማ ሊኖረው ግድ ነው። በበሩ ላይ ይቀረጻል፣ በማኅተሙ ላይ ይታተማል፣ ሲሞት በመቃብሩ ላይ ይደረጋል። ከመሳፍንት ቤት የተወለደ የአባቱን ይዞ ይመጣል፤ እንደ አጎቴ ከወይራ መጭመቂያ ቤት የወጣ ግን ከባዶ ጋሻ ይጀምራል። ስለዚህ ከናፖሊ አቶ ፔትሮኒዮ የሚባሉ፣ በዚህ ሥራ ያረጁ ሠዓሊ፣ ጥቅል ወረቀታቸውን ታቅፈው መጡ። የጢማቸው ጫፍና ጫፍ በቅባት ሽቅብ ተጠምዝዟል። የምሳ ሰዓት ነበር። ወረቀቶቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛችን ላይ፣ በዳቦውና በወይን ጠጁ መካከል ዘረጓቸው።

"አንበሳ ጽናት ነው፣ ብፁዕነትዎ። ንስር ከፍታ ነው። ግንብ ለምስኪን መጠጊያ። ሰማያዊው ቀለም ሰማይ፣ ወርቁ እምነት፣ ቀዩ ደም። በላዩ አረንጓዴው ባርኔጣ ከነዘርፉ ይመጣል።"

ዘርፎቹ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው ሳያቸው የባቄላ እሸት መሰሉኝ። ደስ አለኝ።

እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ የመጡት ሁሉ አስተያየት ነበራቸው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት "የወይራ ዛፍ ይሁን" አለች። እናቴ "የወይራ ዛፍማ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ግብር ሰብሳቢ ያስመስለዋል" አለቻት። ጄርቫዚዮ "ምላጭ አድርጉበት! መጀመሪያ ጢሙን የላጨሁት እኔ አይደለሁም?" አለ። ሁሉም ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና፣ ከልብሱ ስር በክር የተንጠለጠለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ይሄን" አለ።

የማርያም ሜዳሊያ ነበር፣ የመዳብ። ግን ግማሽ ነው። ሕፃኑ አለ። ሕፃኑን ያቀፈ አንድ እጅ አለ። ከእጁ ወዲያ ምንም የለም፤ በቆርቆሮ መቀስ ተቆርጦ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል።

አቶ ፔትሮኒዮ መነጽራቸውን አወጡ። "ይሄ እኮ ስባሪ ነው፣ ብፁዕነትዎ።"

"ስባሪ አይደለም። የተቆረጠ ነው።"

"ግድ የለም፣ እኔ እሞላዋለሁ። እናቲቱን ቆንጆ አድርጌ እስላታለሁ።"

"አይሞላም። እንዳለ ነው የምፈልገው፤ ከነጠርዙ።"

"ሰዎች 'ሠዓሊው ሳይጨርስ ሞተ' ይላሉ!"

"ይበሉ።"

እኔ አቶ ፔትሮኒዮ ይሞቱ እንደሆነ ለማየት ትክ ብዬ አየኋቸው። ጉንጫቸው ቀይ ስለነበር ተስፋ አለኝ።

ያን ጊዜ አያቴ ከምድጃው ዘንድ፣ የሾርባ ሳህኖች በእጇ ላይ ደርድራ ቆማ ነበር። "ይሄ አይሆንም" አለች። "ሌላ ምንም ይሁን። አህያም ይሁን።"

"እማማ..." አለ አጎቴ።

"የጳጳስ በር ላይ ስባሪ አይሰቀልም!"

እኔ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነበርኩ። በቤታችን ጠርዙ በተሸረፈ ሳህን ለእንግዳ አይቀርብም፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። እናቴ ግን "አንቺ ደግሞ፣ እማማ! ከመንኮራኩር መምጣቱን የማያውቅ በዚህ ከተማ አለ? ማን ነው የሚያፍረው?" አለቻት።

"እኔ ስለ እፍረት አወራሁ?" አያቴ ሳህኖቹን አኑራ ወደ ግቢው ወጣች። ከጉድጓዱ ውሃ ስትቀዳ ይሰማል፤ ውሃ ግን ሞልቶ ነበር።

አጎቴ በሩን ሲያይ ቆየና ለአቶ ፔትሮኒዮ ቀስ ብሎ "እናቴ በሕይወት ካለች ታየው ይሆናል" አላቸው።

ምን ማለቱ ነው አልኩ በሆዴ። እናቱማ ግቢ ውስጥ ናት፤ አሁን በዓይኗ አይታው ወጣች።

መንኮራኩሩ ምን እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዱሮ ጊዜ በመነኮሳይያቱ የሕፃናት ማሳደጊያ ግድግዳ ላይ የሚሽከረከር የእንጨት ሣጥን ነበር። ልጇን ማሳደግ ያልቻለች ሴት ሕፃኑን እዚያ ታስተኛለች፣ ሣጥኑን ወደ ውስጥ ታዞራለች፣ ደወሉን ጎትታ ትሄዳለች። ውስጥ ያለችው መነኩሲት ሕፃኑን እንጂ እናቲቱን አታያትም። አንዳንዷ እናት፣ አንድ ቀን ቢቀናኝ ተመልሼ እወስደዋለሁ ብላ፣ የአንድ ነገር ግማሽ አንገቱ ላይ ታስርለትና ግማሹን ለራሷ ታስቀራለች። መነኮሳይያቱም ሕፃኑን የጡት ወተት ላላት ሴት ይሰጡና እያጠባች ታሳድጋለች። ከተማው የሚያውቀው፣ እናቴም የምታውቀው ይህን ያህል ነው። ሳቢኖ የማሳደጊያው ልጅ፣ ኢንኮሮናታ አጥቢው። እሷ ከሌላ አገር፣ ጥቁር ለብሳ፣ ባሌ ሞቶብኛል ብላ፣ ሕፃኑን ታቅፋ ሮካሳልቫ ገባች። ኋላ የወይራ መጭመቂያውን ሰው አግብታ እናቴን ወለደች።

አርማው በጳጳሱ ቤት በር ላይ፣ ከነጭ ድንጋይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወጣ። በሰማያዊ ሜዳ ላይ ወርቃማ ሕፃን፣ ከጠርዙ ብቅ ያለ አንድ እጅ፤ እጁ የማን እንደሆነ የለም። አቶ ፔትሮኒዮ በግብዣው ላይ ቆመው ትርጉሙን ለተሰበሰበው ሰው አነበቡ። ሕፃኑ ምእመኑ ነው፣ እጁ የማይታየው የእግዚአብሔር ጥበቃ ነው፣ የተቆረጠው ጠርዝ የዚህ ዓለም ጎዶሎነት ነው አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጁን እፈራው ነበር። በዚያ በር ስገባ እንዳይዘኝ ብዬ አንገቴን ሰብሬ እሮጣለሁ።

አያቴ ማንበብ አትችልም። ከሕፃኑ በታች በላቲን የተጻፈውን በጣቷ እያሳየች "ምን ይላል?" ብላ ጠየቀችው።

"'ተቀበላችሁኝ' ይላል" አላት አጎቴ። "አንቺንና አባባን እኮ ነው።"

ከንፈሯን ነክሳ "መልካም ነው" አለች።

ሁላችንም የጳጳሱ ቤት ገባን። አያቴ ወጥ ቤቱን ያዘች። የጳጳሱ ሹም ያመጡላትን ወጥ ሠሪ በመጀመሪያው ሳምንት አባረረቻት። ልጇን "አንቱ" ልትለው ሞክራ ምላሷ አልታዘዝ ስላላት፣ ሰው ባለበት ምንም ሳትጠራው ነበር የምታወራው፤ "ሾርባው ይቀዘቅዛል" ትላለች ወደ ግድግዳው እያየች።

የአርማው ሥዕል በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ ከባሕር ዳር መንደር የመጣች፣ የዓሣ ሽታ ያላት ሽማግሌ ነበረች። ከደረቷ መሐረብ አውጥታ ፈታችው፤ ውስጡ ግማሽ ሳንቲም አለ። ሁለተኛዋ ግማሽ የመጫወቻ ካርታ ይዛ መጣች። ከዚያ የተቀደደ የቅዱስ ሥዕል፣ የጥብጣብ ቁራጭ፣ የተሰነጠቀ ቁልፍ። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጥቁር ነጠላ መሳይ ሻርፓቸውን ተከናንበው በረድፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ውሃ አቀርብላቸዋለሁ። ሁሉም የተሰበረ ነገር ስለያዙ፣ አጎቴ የተሰበረ ዕቃ የሚጠግን ጳጳስ ነው ብዬ አመንኩ። በሩ ላይ የተሰበረ ነገር የሰቀለውም ለምልክት ነው፤ ጫማ ሰፊ በሩ ላይ ጫማ ይሰቅል የለ?

ሲወጡ ግን ዕቃቸው እንደተሰበረ ነው። አልቅሰው ይወጣሉ። ጥሩ ጠጋኝ እንዳልሆነ ገባኝና አዘንኩለት።

አጎቴ አንዷንም ሳያስገባ መልሶ አያውቅም። ሊንበረከኩ ሲሉ ብብታቸውን ይዞ ያነሳቸዋል። ግማሹን ከግማሹ ጋር ያስተያያል፤ አንዱ ሳንቲም ሌላው ሜዳሊያ መሆኑ በግልጽ እየታየም ያስተያያል። "በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር እናቴ? የትኛው ማሳደጊያ? ወንድ ነው ሴት?" እያለ ይጠይቃል። በመጨረሻ "ልጅሽ የሰው ቤት አድጎ፣ አሁን ዳቦውን እየበላ ነው። እኔን አታዪም?" ይላታል። ይህን ሲል ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ይጋጫል።

አያቴ በዚያ ሰሞን ሾርባውን አንዴ ጨው ታበዛበታለች፣ አንዴ ትረሳዋለች። እናቴ "ምን ነክቶሻል? ቀናሽ እንዴ?" ብትላት "በሰው ቤት ኮሪደር ተደርድረው ሲያለቅሱ መስማት ሰለቸኝ" ብላ ሽንኩርቱን እንደ ጠላት ትከትፈዋለች። እኔ ለሴቶቹ የምንሰጠው ዳቦ አሳስቧት ነው ብዬ ከድርሻዬ መቀነስ ጀመርኩ።

ከሁሉም ፓልማ የምትባለው ትብስ ነበር። ከተራራው መንደር፣ ቀጭን፣ እግሮቿ በጨርቅ የተጠቀለሉ። የያዘችው ግማሽ ሜዳሊያ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። "ግማሹን ጦርነቱ ወሰደብኝ" አለች። ግን የአጎቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ "ይሄ የባሌ አፍንጫ ነው! አፍንጫ ይዋሻል?" አለችው። አይደለሁም ቢላት አልሰማችውም። በየገበያው ቀን ትመጣለች። የደረቀ በለስ ታመጣለታለች፣ ማንም ሳያዛት ደረጃውን ትጠርጋለች። አንድ ቀን በዝናብ ተበስብሳ መጥታ ደረጃው ላይ ስትንቀጠቀጥ አጎቴ ካባውን አውልቆ አለበሳትና "ግቢ እንግዲህ እናቴ፣ ብርድ ይገልሻል" አላት። የዱሮ ሰው አሮጊት ሴትን ሁሉ "እናቴ" ይላል። ፓልማ ግን እጁን ይዛ እየሳመች "አለኝ! እናቴ አለኝ!" እያለች ጮኸች።

አያቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። በእጇ የያዘችው ማንኪያ ሾርባውን ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል። ወደ ምድጃው ተመለሰች።

አጎቴ የነገሩን ሥር የነገረኝ አያቴ ከሞተች በኋላ ነው። እኔም ልጆች ወልጃለሁ፣ እሱም በከዘራ ነው የሚሄደው። አያቴ አጥቢው ብቻ አልነበረችም። በመከር ሥራ የመጣ ሰው አስረግዟት አርጀንቲና ሄደባት። ሕፃኑን አንድ ምሽት፣ ለጸሎት ደወል ሲደወል፣ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛችውና ሣጥኑን አዞረች። ጡቷ ግን አላስቀመጣትም። ከቀናት በኋላ ሻርፓዋን ተከናንባ በፊተኛው በር ገባችና "ልጄ ሞቶብኛል፣ ወተት አለኝ" አለች። መነኮሳይያቱ ሕፃናቱን ሲያሳዩዋት ክሩን አንገቱ ላይ አየችና "ያ የሚያለቅሰውን ስጡኝ" አለቻቸው። የገዛ ልጇን ተከፍሏት አጠባች። ሳቢኖ ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ምንም ሳይጠረጥሩ፣ በጨዋታ መሐል ነገሯት። ወላጆቹ ላልታወቁ ልጅ በሩ ክፍት ነው፣ ካላገባች ሴት መወለዱ የታወቀ ግን የጳጳስ ቆብ አይደፋም። ያ ሕግ ኋላ ተሽሯል። እሷ ግን ያን ዕለት አፏን ዘጋች። አሁን ደግሞ ልጇ እናቱን ፍለጋ እጇን በር ላይ ሰቅሎ፣ የሰው እናቶች እየመጡ በዓይኗ ፊት ሲያቅፉት ቁጭ ብላ ታያለች።

ፓልማ "እናቴ አለኝ" ካለች በኋላ በመጣው የገበያ ቀን፣ አያቴን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘኋት። የቀሚሷን የውስጥ ጠርዝ በጥርሷ ተርትራ አንድ ነገር አውጥታለች። ቀረብ ብዬ አየሁ። የመዳብ ቁራጭ ነው። የሴት ፊት አለው፤ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ወደ ምንም ታያለች። ክንዷ ከጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

"አንቺም የተሰበረ ነገር አለሽ?" አልኳት።

ደንግጣ ጨበጠችው። "አዎ" አለች።

"ታዲያ ለምን ተራ አትይዢም? እኔ እይዝልሻለሁ። አጎቴ እንደሁ ሁሉንም ነው የሚያስገባው።" ከዚያ የጠጋኝነቱን ነገር አስታውሼ "ባይጠግነውም ዝም ብሎ ያይልሻል" አልኳት።

አያቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሳሙናው መስሎኛል። ከዚያ ሽርጧን ፈታች። ፊቷን ታጠበች። የእሑዱን ጥቁር ሻርፓ ለብሳ፣ ከወጥ ቤቱ ሳይሆን በውጭ ዞራ፣ በዚያ እጅ ስር አልፋ በዋናው በር ገባች። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከፓልማ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ሴቶቹ "አንቺም?" አሏት። "እኔም" አለች። ቦታ ሰፋ አደረጉላት።

ተራዋ ሲደርስ አጎቴ በሩን ከፈተ። "እማማ! ምነው? ቤት ተቃጠለ?"

"ተራዬ ነው።"

"ለኔ ደግሞ ተራ ትጠብቂያለሽ?"

"እንደ ሰው ልግባ ብዬ ነው፣ ሳቢኖ።"

እየሳቀ አስገባት። የዚያ በር መዝጊያ የላላ ነበር፤ ገርበብ ብሎ ቀረ። መዳብ እንጨት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ቆይቶ የአጎቴ ድምፅ መጣ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሁልጊዜም?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

በክፍተቱ አጮልቄ አየሁ። አጎቴ ከነሐምራዊ ቀበቶው ወለሉ ላይ ተንበርክኳል፣ ግንባሩ አያቴ ጉልበት ላይ ነው። በዚህ ክፍል ሴቶቹ ሲንበረከኩ እንጂ እሱ ሲንበረከክ አላየሁም። ግማሹ ወድቆበት እየፈለገ ነው አልኩ። ሮጬ ገባሁና ጠረጴዛው ስር ሾልኬ "አይዞህ አጎቴ፣ እኔ አገኝልሃለሁ!" እያልኩ ምንጣፉን መዳበስ ጀመርኩ። አያቴ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ፣ እያንሰቀሰቃት ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከላዬ ሆነው ሲነጋገሩ እኔ እፈልግ ነበር።

"ለሮም እነግራቸዋለሁ" አለ።

"አትነግርም።"

"ቆቡን ይውሰዱት!"

"ስማ! ያን ቆብ አንተ አይደለህም ያመጣኸው። ሰው ሁሉ 'አጥቢው፣ አጥቢው' ሲለኝ ዝም ብዬ እኔ ነኝ ያመጣሁልህ። የኔን ዕቃ አንተ አትጥለውም።"

"ታዲያ እንዲሁ ልኑር? ሰው 'እናቱን ያጣ' እያለኝ?"

"እጄ በርህ ላይ አይደል? ያላፊ አግዳሚው ዓይን እያየኝ ታቅፌህ ቆሜያለሁ። ፊቴ ምን ያደርግላቸዋል?"

ምንም የወደቀ ነገር አላገኘሁም። ስወጣ ሁለቱ ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ተነካክሷል። "ጠገንከው!" አልኩ። አያቴ የራሷን አንስታ ወደ ደረቷ መለሰችው።

"ፓልማ ውጭ ናት" አለ አጎቴ ዓይኑን እየጠረገ። "ምን ልበላት?"

አያቴ ሻርፓዋን አስተካክላ ወጣች፣ አግዳሚው ዘንድ ሄዳ ፓልማን ክንዷን ያዘቻት። "ተነሺ" አለቻት። "ልጅሽ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም። ነይ አብረን እናቅርብለት።"

ከዚያ በኋላ ፓልማ በየገበያው ቀን ወጥ ቤት ትገባለች። ባቄላ አብረው ይፈለፍላሉ። ፓልማ "ሕፃን ሳለ እንዲህ ያደርግ ነበር" እያለች የሌላ ልጅ ታሪክ ትነግራታለች። አያቴም "ኋላስ?" ትላታለች። አጎቴ ለፓልማ "አዎ" ብሎ ዋሽቶ አያውቅም፤ "አይደለሁም" ማለቱን ግን ተወው። ሌሎቹ ሴቶች እየቀነሱ ሄዱ። ሮካሳልቫ ውስጥ ወሬው አንድ ሆነ፤ ጳጳሱ እናቱን አገኘ።

ፓልማ የሞተች ጊዜ እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ራሱ ቀበራት። የመቃብር ስፍራችን ከከተማው በላይ ነው፣ መንገዱ ዳገት፣ ቀኑም ፀሐይ የሚያነድበት የሐምሌ ነበር። ከተማው ነቅሎ ወጣ። ከሬሳው በስተኋላ አጎቴ እንደ ልጇ ሆኖ ብቻውን ይሄዳል፣ ቀጥሎ ቀሳውስቱ፣ ቀጥሎ ባለሥልጣኑ፣ ቀጥሎ ሕዝቡ። እኔና አያቴ ከሁሉ ኋላ ነበርን። ጉልበቷ እምቢ ብሏት በየግንቡ ጥግ ትቆማለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ከጎናችን ነበረች።

"አይዞሽ፣ እትዬ ኢንኮሮናታ" አለቻት። "የወለደች የወለደች ናት። አንቺም ግን ወተትሽን ሰጥተሽዋል።"

"ወተትም ቀላል ነገር አይደለም" አለች አያቴ እየተነፈሰች።

ያን ጊዜ ከፊት ያለው ሁሉ ቆመ። አንዱ ካንዱ ጀርባ ጋር እየተጋጨ፣ "ምንድን ነው? ሬሳው ወደቀ?" እየተባባለ። ሰዉ በግራና በቀኝ ተከፈለና አጎቴን አየሁት። ሬሳውን አስቁሞ ወደ ኋላ ዞሯል። እያነከሰ በሕዝቡ መካከል ቁልቁል ወደ እኛ ወረደ።

"ምነው ሰዉን በፀሐይ ታስፈጃለህ?" ብላ አያቴ ተቆጣችው። በሕዝብ ፊት "አንተ" ስትለው ያን ቀን ነው የሰማኋት። "ሂድ እንጂ!"

"እሄዳለሁ፣ እማማ" አለና ክንዱን ሰጣት።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እንባዋን እየጠረገች "እዩት፣ ያሳደገን ማክበር እንዲህ ነው!" አለች። አያቴ ክንዱን በሁለት እጇ ያዘች። ቀሳውስቱን አለፏቸው፣ ባለሥልጣኑን አለፏቸው፣ ሬሳው ኋላ ደረሱና ጎን ለጎን ቆሙ። ደወሉ ተደወለ። ሽቅቡን አብረው ወጡት፣ በእሷ እርምጃ፣ ከተማው ሁሉ ከኋላቸው እየጠበቀ።